ስለ ዕዳና ስለ መጋዝ

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየማት አጭር መንገድ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና የምጠጣበት ቤት አለ። ከአራት ዓመት ገደማ በፊት አንድ ቅዳሜ ከሥራ በቀጥታ ወደዚያ ስገባ ጫማዬ የእንጨት ብናኝ ለብሶ፣ ክንዴንም የዘንባባ እሾህ ጭሮት ነበር። የደም ግፊታቸውን ለብዙ ዓመታት ስከታተልላቸው የኖርሁ አንድ ሽማግሌ ከጥግ ሆነው አዩኝና፣

«ዶክተር፣ ምን ሆነህ ነው? ሰው ደበደበህ?» አሉኝ።

«አይደለም አባባ፤ ከሥራ እየመጣሁ ነው።»

«ከምን ሥራ?»

«ሳንታ ሞኒካ ዛፍ ስንገርዝ ውለን።»

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። የሰሙትን ለማመን ጊዜ የወሰደባቸው ይመስል ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «የተማርኸውስ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም ሙሉ መልስ የለኝም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ግን ሽማግሌው በአንድ ቃል የጠየቁኝ ጥያቄ በውስጡ ሁለት ጥያቄዎች እንዳሉት ስለተገነዘብሁ፣ አንደኛው ቀላል፣ ሁለተኛው ደግሞ እንቅልፍ የሚነሣ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ቀላሉ የክብር ጥያቄ ነው፤ ከባዱ የዕዳ።

ስለ ክብር ብዙ አልናገርም። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሸምነውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን በሥራው መስደብ በአገራችን ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህንኑ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት መድረሳቸው ይመሰክራል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን አብሮን አውሮፕላን ተሳፍሮ መጥቷል። እርግጥ ስደት አንድ ነገር አስተምሮናል። መምህር የነበረው መኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ፣ ዳኛ የነበረው ታክሲ ሲነዳ ማንም አይስቅበትም፤ እንዲያውም «ለልጆቹ ብሎ ነው» እያልን እናከብረዋለን። ችግር ያመጣውን ዝቅተኛ ሥራ ይቅር ማለት ለምደናል። ይቅር የማንለው ሰው ወድዶ የመረጠውን ነው። እኔን ታክሲ ስነዳ ቢያገኙኝ ኖሮ ሽማግሌው ያዝኑልኝ ነበር፤ መጋዝ ይዤ ሲያገኙኝ ግን ተቆጡ። ቁጣቸውን ከክብር ጉዳይ ጋር ብቻ ባያይዘው ኖሮ ስቄ አልፈው ነበር። ነገር ግን ሽማግሌው «አታፍርም?» አላሉኝም። «የተማርኸውስ?» ነው ያሉኝ።

እኔ ሕክምና የተማርሁት በገንዘቤ አይደለም። አባቴ በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ወደቀ። በዓመቱ፣ አባቶቻቸውን በጦርነቱ ካጡ ብዙ ልጆች ጋር ወደ ኩባ ተላክሁ፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ያረፍነው ቀድሞ የጥድ ደሴት ትባል በነበረችው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ስሟ ተለውጦ የወጣቶች ደሴት በተባለችው ምድር ነው። ከአፍሪካና ከሌላውም ዓለም የመጡ ልጆች በየትምህርት ቤታቸው ይኖሩባት ነበር። ደንቡ ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሥራው የግሬፕፍሩት እርሻ ላይ ነበር፤ አረም እንነቅላለን፣ ፍሬ እንለቅማለን። ስለዚህ የዛፍ ሥራ ከሕክምና በፊት የገባሁበት ሙያ ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። መጽሐፍ የያዘ እጅ መቁረጫ መያዝ የለበትም የሚል ሰው በዚያች ደሴት አላጋጠመኝም።

ሕክምናውን ሃቫና ላይ ስጨርስ እ.ኤ.አ. 1993 ነበር። የላከን መንግሥት ከሁለት ዓመት በፊት ወድቋል። ኩባም የሶቪየት ድጋፍ ተቋርጦባት፣ አስተናጋጆቻችን ራሳቸው እየተራቡ ነበር። ና ያለን አገር አልነበረም። በ1996 ሎስ አንጀለስ ገባሁ፤ በፈተናና በሬዚደንሲ ሰባት ዓመት ሄደ፤ በ2003 ፈቃዴን አግኝቼ ለአሥራ ስምንት ዓመት የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኜ ሠራሁ። በ2021፣ በሃምሳ ሦስት ዓመቴ፣ ተውሁት።

ከእኔ ሌላ ማን ምን ከፍሏል ብዬ ብቆጥር ሒሳቡ ይህን ይመስላል። አባቴ ሕይወቱን ከፍሏል። ስኳርና ዳቦ በራሽን የሚበላ የኩባ ሕዝብ አሥራ አራት ዓመት አብልቶኛል፣ አልብሶኛል፣ አስተምሮኛል። እናቴም አለች። እናቴ ሽሮ ሜዳ ነበር የምትኖረው፤ እኔ ከመሄዴ በፊት ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባዋ አውርዳ ትሸጥ ነበር። ያንን ሸክም ያየ ያውቀዋል፤ ከሸክሙ በታች ያለችው ሴት ወገቧ ታጥፎ የምታየው መሬቱን ብቻ ነው። ሥራ መቀየሬን በስልክ ስነግራት ብዙ አልተናገረችም። «ልጄ፣ እኔ እኮ ከእንጨት ላውጣህ ብዬ ነው ባሕር ያሻገርሁህ» አለችኝ፤ ወዲያው ስለ ልጆቼ ጤንነት መጠየቅ ጀመረች።

ከዚያ ጥሪ በኋላ ያው ዛፍ በየሄድሁበት ይከተለኝ ጀመር። ሳንታ ሞኒካና እንጦጦ በባሕር ዛፍ ይዛመዳሉ። አቦት ኪኒ የሚባል ባለሀብት የካሊፎርኒያን የደን ቦርድ በሚመራበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1887፣ ረስቲክ ካንየን በሚባለው የሳንታ ሞኒካ ሸለቆ በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነው የደን መሞከሪያ ጣቢያ ተቋቋመ። ኪኒ ትልቁን ተስፋውን የጣለው ከአውስትራሊያ በመጣው ባሕር ዛፍ ላይ ሲሆን ስለ ዛፉ መጽሐፍም ጽፏል። ጥቂት ቆይቶ፣ በ1890ዎቹ፣ ያው ዛፍ አዲስ አበባ ገባ። ምኒልክ በማገዶ እጦት ከተማቸውን ትተው ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው እንደነበር የታወቀ ነው፤ አዲስ አበባን ባለችበት ያቆማት ባሕር ዛፍ ነው። እዚህ ግን ተስፋው አልሠራም፤ እንጨቱ ሲደርቅ እየተጣመመና እየተሰነጠቀ ለሐዲድ ማጋደሚያ እንኳ አልሆን አለ። ዛሬ በሳንታ ሞኒካ ባሕር ዛፍን የሚያነሣ ሰው የሚያነሣው ስለ እሳት ሲናገር ነው። እዚያ የእናቴን ወገብ ያጎበጠው፣ እኔ እዚህ በሰዓት እየተከፈለኝ የምገርዘው አንድ ዛፍ ነው። ይህን ለእናቴ አልነገርኋትም። ምን ብዬ እነግራታለሁ?

ሰዎች ለምን እንደተውሁ ሲጠይቁኝ «ዛፍ ስለምወድ» እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ እውነቱ ግን ይህ አይደለም። እውነቱን እዚህ እጽፈዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2019 አንዲት የአገራችን እናት የሆድ ሕመም ይዘው መጡ። የተመደበላቸው አሥራ አምስት ደቂቃ ነበር። እሳቸው እየተናገሩ እኔ ኮምፒዩተሩ ላይ እጽፋለሁ፤ ሣጥኖቹ ካልተሞሉ ገጹ አይዘጋም። የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት አዘዝሁላቸውና ሸኘኋቸው። ከሁለት ወር በኋላ ዐይናቸው ቢጫ ሆኖ ተመለሱ። የቆሽት ካንሰር ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ «በመጀመሪያው ቀን ብታገኘውም ብዙ የሚለወጥ አልነበረም» አሉኝ፤ ምናልባት እውነታቸውን ነው። እኔን የሚከሰኝ ውጤቱ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን እጄን ሆዳቸው ላይ አላሳረፍሁም። መዝገቡ ላይ ግን «ሆድ፦ ለስላሳ፣ ሕመም የለውም» የሚል ተጽፏል፤ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ቆይቼ ያንን ቀን ለማስታወስ ስሞክር ድምፃቸው መጣልኝ፣ ፊታቸው ግን አልመጣም። አላየሁትማ!

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሠራሁ። በየቀኑ ራሴን እየጠበቅሁ፣ እንደ ሌባ እየሰለልሁ። እጄን የማሳርፍበት ቀን ነበር፣ የማላሳርፍበትም ነበር።

የዛፍ ሥራ የጀመርሁት ከመሬት ነው። እንደ ማንኛውም ጀማሪ ቅርንጫፍ እየጎተትሁ ወደሚፈጨው ማሽን አቀርባለሁ፤ ገመድ እይዛለሁ፤ እጠርጋለሁ። የሥራ ጓደኞቼ አብዛኞቹ ከሜክሲኮና ከጓቲማላ የመጡ ወጣቶች ናቸው። ስፓኒሽ መናገሬ አስደሰታቸው፤ የኩባ አነጋገሬ ግን እስካሁን ያስቃቸዋል። «ኤል ቪዬሆ» ይሉኛል፣ ሽማግሌው ማለታቸው ነው። ሐኪም መሆኔን ለስምንት ወር አልነገርኋቸውም።

ሥራው አደገኛ ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው መጋዙንና ከፍታውን ነው። ባለሙያው ግን የሜክሲኮ ዘንባባን ይፈራል፣ ያንን ረጅሙንና ቀጭኑን፣ በሎስ አንጀለስ ፖስት ካርድ ላይ የሚታየውን። የሞተው ቅጠሉ ሳይረግፍ ዓመት በዓመት ግንዱን እንደ ካባ ይሸፍነዋል። ወጣቱ ከሥሩ ሆኖ ወደ ላይ መቁረጥ ሲጀምር ካባው በሙሉ ተንሸራትቶ ላዩ ላይ ይወርዳል። አይወድቅም፤ ገመዱ እዚያው ይዞት ይቀራል። የሚሞተው ታፍኖ ነው፤ ደረቱ አየር ለማስገባት የሚነሣበት ቦታ ያጣል። ከታች ያሉት ጓደኞቹ ያዩታል፣ ሊደርሱለት ግን አይችሉም። ስለዚህ ከላይ ወደ ታች ነው የሚሠራው፤ ቸኩሎ ከታች የሚጀምር አለቃ ካለ ሥራውን ጥሎ መሄድ ነው።

ሌላም የተማርሁት አለ። የካናሪ ዘንባባን የሚገድል ፉሳሪየም የሚባል ፈንገስ ከዛፍ ወደ ዛፍ ከሚሻገርባቸው መንገዶች አንዱ የገራዡ መጋዝ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ከመሄድ በፊት መጋዙ ይጸዳል፣ በበረኪና ይነከራል። ሰመልቫይስ እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ላይ የሐኪሞችን እጅ በክሎሪን ያስታጠበው ለዚሁ ነበር፤ ሐኪሞቹም ተቆጥተውበት ነበር። አንድ ቀን በጣም በቸኮልንበት ሰዓት መጋዜን ሳልነክር ወደሚቀጥለው ዘንባባ ስራመድ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ እጄን ያዘኝና ባልዲውን አሳየኝ። ተናድጄ ነበር። ከዚያ አፈርሁ።

ግንድ ሲመረመር በእንጨት መዶሻ ይመታል፤ ባዶ ከሆነ ድምፁ ይለያል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሳዩኝ መዶሻው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ሐኪሞች የታማሚን ደረትና ሆድ በጣት እየመቱ የሚያዳምጡበትን ዘዴ በ1761 ያሳተመው ኦስትሪያዊው አውንብሩገር የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ልጅ ነበር፤ ዘዴውን ያገኘው አባቱ የወይን በርሜሎችን እየመታ ምን ያህል እንደቀረው ሲያጣራ አይቶ ነው ይባላል። ከእንጨት የመጣ ጥበብ ነው እንግዲህ። እኔ በሰው ላይ ትቼው የነበረውን በእንጨት ላይ መልሼ ተማርሁት። አሁን አንድ ግንድ ሳልነካና ዙሪያውን ሳልዞር አስተያየት አልሰጥም። እ.ኤ.አ. ጥር 7 ቀን 2025 የፓሊሳዴስ እሳት ተነሥቶ ያን ሁሉ ሰፈር ከበላ በኋላ፣ የፈሩ ባለቤቶች ግቢያቸው ውስጥ ያለ ዛፍ ሁሉ እንዲቆረጥ ይፈልጉ ነበር። አንዲት ባለቤት «ማዳመጥ አያስፈልግህም፤ ቁረጠው ብዬሃለሁ» ስትለኝ አርባ ደቂቃ ያህል ግንዱን ስመታ ቆየሁ። ዛፉ ጤነኛ ነበር፤ አልቆረጥነውም። አርባ ደቂቃ! ለዚያች እናት አሥራ አምስቱን እንኳ አልሰጠኋቸውም።

በሙያው ውስጥ ሁሉም የሚያነሣው አንድ ስም አለ፦ አሌክስ ሻይጎ፣ የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪ፣ በ2006 ያረፈ። እንደ እኛ የሬሳ ምርመራ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ዛፎችን በሞተር መጋዝ በቁመታቸው እየሰነጠቀ መረመረ። ያገኘው ነገር ዛፍ እንደማይድን ነው። የሰው ቁስል የሞተውን ሥጋ በአዲስ ይተካል። ዛፍ ግን የተጎዳውን መተካት አይችልም፤ በዙሪያው ግድግዳ ይሠራበታል፣ ከግድግዳው ውጪ አዲስ እንጨት ያበቅላል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ግንዱ ቢሰነጠቅ ቁስሉ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ዓመት ቀለበት ላይ ይገኛል። ጥቁር ቀለም መቀባት መበስበሱን እንደማያስቆም፣ ቅርንጫፍንም ከግንዱ ጋር አስተካክሎ መቁረጥ ግድግዳውን እንደሚያፈርስበት ያሳየው እሱ ነው። ዛሬ የምንቆርጠው የቅርንጫፉን አንገትጌ ሳንነካ፣ ከእሱ ወዲህ ነው።

ይህን የሰማ ስደተኛ ሁሉ ራሱን ያይበታል። እኔም ለጥቂት ወራት አይቼበታለሁ፤ «እኔም ቁስሌን ከልዬ ወደ ውጭ አደግሁ» እያልሁ። አሁን ንጽጽሩን እጠረጥረዋለሁ። ዛፉ ሌላ አማራጭ የለውም፤ እኔ ነበረኝ።

ወደ ዕዳው ልመለስ። በቡና ላይ ያነሣሁላቸው ወዳጆቼ የሚያቀርቡልኝ ማምለጫ ብዙ ነው። አንዱ «ዛፍም ለሰው ጤና ነው፣ አሁንም እያከምህ ነው» ይለኛል። ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን የሳንታ ሞኒካን ባለጸጋ ግቢ ማስዋብ ለሽሮ ሜዳ ዕዳ ክፍያ ነው ብሎ ለማመን ከእኔ የበለጠ የዋህ መሆን ያስፈልጋል። ሌላው «ቺካጎ ያሉት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች አገር ቤት ካሉት ይበልጣሉ፤ አንተ ብቻ ነህ እንዴ?» ይላል። ይህን አባባል ሠላሳ ዓመት ስሰማው ቆጥሮ ያሳየኝ የለም። ቢቆጠርም የብዙ ሰው ዕዳ የእኔን አያቀልልኝም። ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚበልጠው፣ «ዕዳ አለብህ የሚልህ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እውነትም፣ በግንቦት 2025 በኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን ቤት ኪራይ አልከፍል አለን ብለው ሥራ ሲያቆሙ፣ ስለ መሐላና ስለ ሕዝብ አደራ ጮክ ብለው የተናገሩት ደመወዙን የሚወስኑት ነበሩ። ዕዳን የሚያስታውስ ሁሉ አበዳሪ አይደለም። ሆኖም ሰብሳቢው የማይታመን መሆኑ ዕዳውን አይሰርዘውም።

ኩባ ላይ ምንም ነገር አላስፈረሙንም። አባቴም አልፈረመም፣ አላስፈረመኝም። ብድር ቢሆን ኖሮ ከፍዬ እገላገለው ነበር፤ በደመወዜ ላይ ተቆርጦ በአሥር ዓመት ያልቃል። ሰጪው መልስልኝ የማይለው ስጦታ ግን መቼ እንዳለቀ የሚነግርህ የለም። ወዳጆቼ እንዲያው ስጦታ ነው ሲሉኝ ነጻ ያወጡኝ ይመስላቸዋል። ለእኔ ከዚያ ነው ጭንቀቱ የሚጀምረው።

«እጁን ሳያሳርፍ ያሳረፈ የሚመስል ሐኪም የሐሰት ገንዘብ ነው የሚከፍለው፤ ቢያቆም ይሻላል» ብዬ ራሴን ተከራክሬለት ነበር። ክርክሩ እስከዚህ ድረስ ትክክል ይመስለኛል። ያልተናገርሁት ቀሪው ነው። ማቆም ብቻ አልነበረም መንገዱ። በግማሽ ደመወዝ፣ ለአንድ ታማሚ አርባ ደቂቃ የሚሰጡ ለድሆች የቆሙ ክሊኒኮች በዚሁ ከተማ አሉ። አዲስ አበባ አለች፤ ጎንደር አለች። አውቃቸው ነበር። የቤት ክፍያ ነበረብኝ፣ ልጆቼ ዩኒቨርሲቲ ነበሩ እል ነበር፤ ከዚያ ግን ከሁሉም ያነሰ የሚከፈልበትን የመሬት ሥራ ስጀምር ቤቱንም ሸጥን፣ ልጆቹም ተበደሩ። ስለዚህ ገንዘብ አልነበረም ያገደኝ። እንደገና የሰው ሆድ ላይ እጄን አሳርፌ መሳሳት ፈርቼ ነው። ዛፍ ብሳሳትበት አይከሰኝም።

አሁን ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። የሚጠየቀውን ሦስት ዓመት ሠርቼ የአርቦሪስትነት ፈተናውን አልፌአለሁ፤ የራሴ መኪና፣ የራሴ ገመድ አለኝ፤ ከሁለት ወጣቶች ጋር እሠራለሁ። የሕክምና ፈቃዴንም አልጣልሁም። የካሊፎርኒያ ፈቃድ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል፤ ሃምሳ ሰዓት ትምህርት ይጠይቃል። ማታ ማታ ትምህርቱን በኮምፒዩተር እከታተላለሁ፣ ክፍያውን እከፍላለሁ። ባለቤቴ «ለምን?» ብላ አንድ ጊዜ ጠየቀችኝ፤ መልስ ስታጣ ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። የዘንድሮው የማደሻ ደብዳቤ የመጋዝ መሞረጃዬ የሚቀመጥበት መሳቢያ ውስጥ ነው።

ያለፈው ቅዳሜ ሽማግሌው ፌርፋክስ ላይ እየጠበቁኝ ነበር። አሁን አሁን መድኃኒቶቻቸውን በላስቲክ ከረጢት ይዘው ይመጣሉ፤ እኔም መነጽሬን አድርጌ አንድ በአንድ አነብላቸዋለሁ። የዚያን ቀን ጫማቸው ጠብቧቸው ማሰሪያውን ፈትተውት አየሁ። ወንበሬን ሳብሁና በርከክ ብዬ ቁርጭምጭሚታቸውን በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ያዝሁት። ስለቀው ጉድጓዱ እዚያው ቀረ፤ ለመሙላት ረጅም ጊዜ ወሰደ።

«አባባ፣ ልብዎ ሊሆን ይችላል። ወደ ሐኪምዎ በዚህ ሳምንት መሄድ አለብዎት» አልኋቸው።

«ሐኪሜማ ዛፍ ላይ ወጥቷል» አሉኝ፤ አብረዋቸው የተቀመጡት ሳቁ።

ሰኞ ጠዋት፣ ሥራ ሳልጀምር፣ መኪናው ውስጥ ሆኜ ለአዲሱ ሐኪማቸው ቢሮ ደወልሁና ለረቡዕ ቀጠሮ ያዝሁላቸው። ጸሐፊዋ «የታማሚው ምን ነዎት?» ስትለኝ ትንሽ ቆየሁና ስሜን ብቻ ነገርኋት።